የባቄላና የሽምብራ ውሃ

መጽሐፉ ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ክሎሪን ይቀበላል ይላል። እኔ እንዲህ ብዬ አስተምሬ አላውቅም። ሶዲየም የሚሰጠው ደግ ሆኖ አይደለም፤ በመጨረሻው እርከኑ ላይ ብቻዋን የቀረችውን ኤሌክትሮን አጥብቆ ለመያዝ አቅም ስለሌለው ነው። ክሎሪን ሰባት አለው፣ ስምንት ለመሙላት አንድ ጎድሎታል፣ ጉልበቱም አለው። ስለዚህ ይቀማል። ከዚያ በኋላ ቀሚና ተቀሚ ተሳስበው አብረው ይኖራሉ፣ ጨው የምንለውም ይሄንኑ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። እኔ አልስቅም፣ ምክንያቱም የቀማኝን ሰው ለዓመታት አንድ የመምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አይቼዋለሁ።

የቀማኝ የኬሚስትሪ አስተማሪዬ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ቢቸናና ሞጣ ያለ ሰው ካወቀው ይወቀው። በስብሰባም በመንገድም፣ ሰው ፊት ሁልጊዜ አንቱ ብዬዋለሁ። እዚህ ግን ወረቀቱ የራሴ ስለሆነ እሱ እለዋለሁ።

ቢቸና ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት ፕላዝማ በየክፍሉ በተሰቀለበት ዘመን ነበር። ፕላዝማ የምንለው በብረት ሳጥን ተቆልፎ ግድግዳ ላይ የሚቀመጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ የማናውቀው ሰው በሚሮጥ እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ የኛ አስተማሪ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ ሲያበቃ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል። መብራት ሲሄድ ግን፣ ቢቸና ደግሞ መብራት መሄዱ ብርቅ አልነበረም፣ ክፍሉ ሙሉ በሙሉ በእሱ እጅ ይወድቃል።

የቄስ ልጅ ነበር። ልጅነቱን ዜማ ቤት እንዳሳለፈ ራሱ ይነግረናል፤ ባይነግረንም ድምፁ ይናገር ነበር። ጥርት ያለ፣ ሳይጮህ የኋላ ወንበር የሚደርስ ድምፅ። ቫሌንሲ የሚባለውን ነገር ያስጠናን እንደ ዳዊት ነው፤ እሱ ያወጣል፣ ስልሳ የምንሆን ልጆች እንቀበላለን። ሃይድሮጅን አንድ፣ ኦክስጅን ሁለት፣ ናይትሮጅን ሦስት፣ ካርበን አራት። በገበያ ቀን እህል ጭነው በአጥሩ ሥር የሚያልፉ ገበሬዎች ድቁና የምንማር መስሏቸው ቆመው ይሰሙን ነበር። ሁላችንም በቃላችን እንወጣዋለን፤ አንዱ ምን እንደሆነ፣ ሁለቱ ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ቀን እጄን አውጥቼ ኦክስጅን ሁለት ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ሁለት ነዋ አለኝ። ቀጥሎ ወደ ክፍሉ ዞሮ፣ ይቺ ልጅ ሁለት ሲሏት በቁና ነው በእንቅብ ትላለች አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ የገበያ ሴት መሆኗን ያውቃል፣ ለዚያ ነው ቁናና እንቅብ የመረጠው። ይህችን ግን ይቅር ልለው እችል ነበር።

እናቴ ስፌት እየሰፋች የምትሸጥ ሴት ናት። ቤታችን ሙዳይና ሰፌድ ጠፍቶበት አያውቅም። ሰፌድ ከመሃሉ ተጀምሮ ዙር በዙር ነው የሚሰፋው፤ ያን ሰሞን እናቴ እያንዳንዱን ዙር በሌላ ቀለም ትሰፋ ስለነበር ዙሮቹ ጎልተው ይታያሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ በዚያ ሰፌድ ላይ ምስር እየለቀምኩ ሳለ፣ ከፕላዝማው ላይ ገልብጬ ደብተሬ ውስጥ የተውኩት ሥዕል ትዝ አለኝ። አቶም መሃሉ ላይ ኒውክለስ የሚባል እምብርት አለው፣ ክብደቱ በሙሉ እዚያ ነው። እምብርቱ ውስጥ ፕሮቶንና ኒውትሮን ታጭቀዋል። ከእነሱ አንጻር ክብደት አላቸው የማይባሉት ኤሌክትሮኖች ደግሞ በዙሪያው በየእርከናቸው አሉ። የመጀመሪያው እርከን ከሁለት በላይ አይዝም፣ ሁለተኛው ከስምንት።

ምስሩን ገፋ አደረግኩና ስምንት ባቄላ መሃል ላይ አስቀመጥኩ፣ ፕሮቶን። ስምንት ሽምብራ ጨመርኩ፣ ኒውትሮን። ስምንት ፕሮቶን ካለው ኦክስጅን ነው፤ አንድ ባቄላ ባነሳ ናይትሮጅን ይሆናል፣ ማንነቱ በባቄላው ቁጥር ነው። ከዚያ ለኤሌክትሮኖቹ ስምንት ፍሬ ምስር ቆጠርኩ። ሁለቱን በመጀመሪያው ዙር ላይ፣ የቀሩትን ስድስት በሁለተኛው ላይ። ሁለተኛው ዙር ስምንት ሊይዝ ይችል ነበር፣ ሁለት ቦታ ባዶ ቀረ። ኦክስጅን ሁለት ማለት ለካ ይሄ ነው። ባቄላዎቹን ስድስት አድርጌ ካርበንን ሞከርኩ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ አራት ምስር ብቻ ሆነ፣ አራት ጎደለ። ካርበን አራት። ሃይድሮጅን አንድ ምስር ብቻ አለው፣ የመጀመሪያው እርከኑ በሁለት ስለሚሞላ አንድ ይጎድለዋል። ሙሉ ዓመት በዜማ ስንጮኸው የከረምነው ነገር የየአንዳንዱ ጎደሎ ነበር።

እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። አቶሞች የሚዋሃዱት የጎደላቸውን ለመሙላት እንደሆነ በዚያው ሰፌድ ላይ ገባኝ። ወይ አንዱ ከሌላው ይቀማል፣ ወይ ሁለቱም ከራሳቸው አንድ አንድ አዋጥተው ጥንዱን በጋራ ይይዙታል። ኦክስጅን ሁለት ስለጎደለው ሁለት ሃይድሮጅን ይጠራል፣ ከእያንዳንዳቸው ጋር አንድ ጥንድ ይጋራል፣ ውሃ ይሆናል። እናቴ መጥታ ምስሩ ሳይለቀም ስታየው ተቆጣች። ባስረዳትም እህል መጫወቻ አይደለም ብላ ሰፌዱን ነጠቀችኝ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ እሱ ክፍል ገብቶ፣ በአካባቢ ከሚገኝ ነገር የትምህርት መርጃ መሣሪያ እንድንሠራ አዘዘን። ሥራው የተመረጠለት ተማሪ ሞጣ በሚደረገው ኤግዚቢሽን ላይ ይዞት እንደሚቀርብ፣ የበርካታ ወረዳ ትምህርት ቤቶች እንደሚመጡ ነገረን። እኔ ከቢቸና ወጥቼ አላውቅም ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በሕይወቴ ሌላ ነገር አልፈለግኩም፤ ሥራዬን ይዤ ቆሜ፣ ሁለት ምን እንደሆነ ለማላውቀው ሰው ማስረዳት ብቻ።

ባቄላና ሽምብራ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ከግራር እሾህ ለቅሜ ሞለኪውሎች ሠራሁ። ሽምብራ ሃይድሮጅን፣ እናቴ የስፌት አክርማ በምትነክርበት ቀይ ቀለም የነከርኩት ባቄላ ኦክስጅን፣ ከዋልካ አፈር ያድቦለቦልኩት ጥቁር ጭቃ ካርበን። እሾሁ የሚጋሩት ጥንድ ነው። ሚቴን ሠራሁ፣ አንድ ጭቃ ከአራት ሽምብራ ጋር። ካርበን ዳይኦክሳይድ ሠራሁ፣ እዚያ ላይ በእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት እሾህ አለ። ውሃን ስሠራ አስቸገረኝ። የራሰ ባቄላ ከጎኑ ሲወጉት ለሁለት ይሰነጠቃል። ብዙ ባቄላ አበላሽቼ በመጨረሻ ከጫፍና ከጫፉ ወጋሁት፣ ያኔ እሾሁን አጥብቆ ያዘ። ውሃዬ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ ሆና በአንድ መስመር ቀጥ ብላ ቆመች። ሁሉንም ሲደርቁ ከሳጥን ክዳን ላይ ለጥፌ በካርቶን ወሰድኩለት።

ካርቶኑን ከፍቶ ብዙ ጊዜ አየው። ማን እንዳገዘኝ ጠየቀኝ። ማንም አልኩት። ይቀመጥ አለኝና ከቢሮው ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተው። ስም ዝርዝሩ ሲነበብ እኔ የለሁበትም። የካርታ ሥራ የሠራ ልጅና ከሸክላ ልብ የሠራች ልጅ ተመረጡ። የኔ ለምን እንደቀረ ስጠይቀው በእህል የተሠራ ነገር ነቀዝ ይበላዋል ብሎ አሰናበተኝ።

ሞጣ አክስት ነበረችኝ። እናቴን እሷን ልጠይቃት ብዬ አስፈቅጄ በኤግዚቢሽኑ ዕለት በደብረ ወርቅ በኩል በሚያልፈው አውቶቡስ ሄድኩ። የሌሎቹን ሥራ እንኳ ልይ ብዬ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ገብቼ በጠረጴዛዎቹ መካከል ስዞር የሳጥን ክዳኔን አየሁት። ሚቴኔ፣ ካርበን ዳይኦክሳይዴ፣ ቀዩ ባቄላዬ። ከፊቱ ባማረ የእጅ ጽሑፍ የእሱ ስም፣ ከሥሩ የኬሚስትሪ መምህር። ውሃዬ ደግሞ ቀጥ ብላ አልቆመችም፤ ሽምብራዎቹ ወደ አንድ ወገን ዘምመው ጎብጣ ነበር። በመንገድ ላይ እንደሰበራት ገባኝ። መነጽር ያደረጉ ዳኛ ጎንበስ ብለው ውሃዋን እያሳዩ ይጠይቁታል፣ እሱም በዚያ ድምፁ በእንግሊዝኛ ያስረዳል፤ አዳራሹ ሲንጫጫ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ዳኛው ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ።

ሰው መኖሩን ረስቼ ተጠጋሁ።

«ቲቸር፣ ይሄ የኔ ነው። ውሃዬንም ሰብረውብኛል» አልኩት።

እሱ እጁን ጭንቅላቴ ላይ አድርጎ ለዳኛው ፈገግ አለ። «ተማሪዬ ናት። ባቄላ በመልቀም አግዛኛለች» አላቸው።

አንደኛ ወጣ። ምስክር ወረቀት ተሰጠው፣ በዚያው ዓመት ክረምት ዲግሪውን እንዲማርም ተመረጠ። ሰኞ ጠዋት በባንዲራ ሰልፍ ላይ ጠርቶ አስወጣኝ። ትምህርት ቤቱን በሌላ ከተማ እንዳዋረድኩ ተነገረ፣ ይቅርታ እንድጠይቅም ታዘዝኩ። የትምህርት ቤቱ ተማሪ በሙሉ ቆሞ እያየኝ፣ መምህሬን ስላሳፈርኩ ይቅርታ ብዬ ጠየቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሽምብራ ሆነ። የሰፈሬ ልጆች ሽምብራ፣ የክፍሌ ልጆች ሽምብራ፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከኋላዬ ሽምብራ።

እናቴ ሳለቅስ አይታ ለእግዚአብሔር ስጪው አለችኝ። ሳምንታት አልፈውም አለመተዌን ስታይ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው ልጄ አለችኝ። እንግዲያው ጸሎቱን ተውኩት። ቂሙን ያዝኩ። የማጠናው በእሱ ንዴት ነበር፤ እንቅልፍ ሲጥለኝ እጁ ጭንቅላቴ ላይ ያረፈበትን ቦታ አስባለሁ፣ እነቃለሁ። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ያለፍኩት በዚያ ነው። ሰው ትምህርት የሚወደው ለዕውቀት ነው ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ኬሚስትሪ ያጠናሁት አንድ ቀን ከአንድ ሰው በልጬ ፊቱ ለመቆም ነው፣ ይህንንም ስናገር አላፍርም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ግን አንድ ነገር ሆነ። እሱ ያኔ ከቢቸና ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ነበር። ፕላዝማው ስለ ሞለኪውሎች ቅርጽ ሲያስተምር ውሃን አሳየ። አንድ ቀይ ድቡልቡል፣ ሁለት ነጭ፣ በዝግታ ይዞራሉ። ጎብጣለች። ኦክስጅን ካሉት ስድስት የውጭ ኤሌክትሮኖች ሁለቱን ብቻ ነው ለመጋራት የሚያዋጣው። የቀሩት አራቱ ሁለት ጥንድ ሆነው ለብቻቸው ይቀመጣሉ፣ ማንም አይጋራቸውም፣ ቦታ ይይዛሉ፣ ሃይድሮጅኖቹንም ወደ አንድ ወገን ይገፏቸዋል። ውሃ ስለዚህ ቀጥ ብላ አትቆምም። ቀጥ ያለች ውሃ ዓለም ላይ የለችም።

ውሃዬን አልሰበራትም ነበር። አርሟት ነው። ዳኛው ጎንበስ ብለው የጠየቁት ስለ እሷ ነው፣ አንደኛ የወጣውም በእሷ ነው። የሳጥን ክዳኑ የኔ ነው፣ ሐሳቡ የኔ ነው፣ ባቄላው የእናቴ ነው፤ ጉብጠቷ ግን የእሱ ናት።

ያን ዕለት ቂሜ መቀነስ ነበረበት። ጨመረ። ስህተቴን አይቶ ነበር ማለት ነው። ካርቶኑን ከፍቶ ብዙ ሲቆይ ያየው እሱን ነው። ልጅቱን ጠርቶ፣ ልፋትሽ ጥሩ ነው፣ ውሃሽ ግን እንዲህ ናት ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ልክ የሆነውን ለራሱ ይዞ እኔን ከነስህተቴ ሰልፍ ፊት አቆመኝ። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ሽምብራ ብለው ለሰደቡኝ ሁሉ ውሃዬን ሰበረብኝ እያልኩ ባላዋቂነቴ ስምል ኖርኩ። ደብተሬን ዘጋሁ። ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዩኒቨርሲቲ ስወጣ የተመደብኩት ሞጣ ነው። ሁለት ዓመት እንደቆየሁ እሱ በዝውውር መጣ። መጀመሪያ የመምህራን ክፍል የገባ ዕለት አየኝ፣ ፊቱ በራ።

«ሽምብራ፣ አደግሽ እኮ» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

እየሳቀ ነው። በፍቅር ያለው እንደሆነ ዛሬ አምናለሁ፣ ያኔም ሳላምን አልቀረሁም። ተነስቼ በሁለት እጄ ጨበጥኩት፣ እንደምን ነዎት ቲቸር አልኩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚሉት ልክ ነው፤ እሱ ግን ጭራሽ የረሳም አይመስልም ነበር፣ ነገሩን እንደ ልጅነት ጨዋታ አድርጎ ነው የያዘው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ብዬ ያዝኩት። ሲያረፍድ አያለሁ። ፈተና አርሞ ለመመለስ ሲዘገይ አያለሁ። የሳጥን ክዳኑን ታሪክ ለአንዱ መምህር በሻይ ሰዓት፣ ለሌላዋ በመንገድ ላይ አወራሁ። አወራሩን ደግሞ አሳመርኩት። በኔ ታሪክ ውስጥ ውሃዋን ያጎበጥኳት እኔ ነኝ፤ ገና በዘጠነኛ ክፍል ያልተጋሩት ጥንዶች እንደሚገፉ በራሴ ደርሼበታለሁ፤ እሱ ለዳኛው የኔን ማብራሪያ ነው የሰጠው። ደጋግሜ ስናገረው ምላሴ ላይ ለመደ፣ ሰሚውም አመነ።

እሱ በዚህ ጊዜ ድምፁን እያጣ ነበር። የጠመኔው ብናኝ ነው ይላሉ፣ ዕድሜም ነው ይላሉ፤ ያ ጥርት ያለ ድምፅ ሻክሮ ሻክሮ ሹክሹክታ ሆነ። የፊት ወንበር ተማሪዎች ያለውን ሰምተው ለኋላዎቹ እስኪደግሙላቸው ደረሰ። ሐኪም ንግግር ቀንስ ብሎታል። ያን ዓመት የትምህርት መርጃ ማዕከሉ ኃላፊ ጡረታ ወጡና ቦታው ተከፈተ። ማዕከሉ መምህራን የሚገለገሉባቸው ሞዴሎችና ሥዕሎች የሚሠሩበት ክፍል ነው፤ ኃላፊው ክፍል ገብቶ አያስተምርም፣ በእጁ ነው የሚሠራው። ከዚያ የተሻለ ቦታ ለእሱ አልነበረም፣ ሁላችንም እናውቃለን። አመለከተ። ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው የሞጣውን ኤግዚቢሽን ምስክር ወረቀት ነው። እኔም አመለከትኩ።

ሹመቱ በግምገማ ያልፋል ተባለ። ግምገማ ያየ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ተገምጋሚው መጀመሪያ ይነሳና ግለ ሂስ ያደርጋል፣ ማለትም የራሱን ጥፋት በራሱ አፍ ያወጣል። ሁሉም የሚያወጣው የማይጎዳውን ነው፤ ሰዓት አላከብርም፣ በትንሽ ነገር እናደዳለሁ፣ ስብሰባ ላይ ዝምተኛ ነኝ። ከዚያ ሌሎቹ ሂስ ይሰጡታል። ተገምጋሚው እቀበላለሁ ወይም አልቀበልም ይላል፣ በመጨረሻ እጅ ይወጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ሁሉም ይፈርምበታል።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ይመራሉ፣ የሥነ ዜጋ አስተማሪዋ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። እሱ ተነሳ፣ በሹክሹክታ ሰዓት ላይ ድክመት እንዳለበት ተናገረ፣ ተቀመጠ። እጄን አወጣሁ። አሥር ዓመት ሙሉ በልቤ ስለማመደው የኖርኩትን ተናገርኩ። ሰፌዱን፣ ካርቶኑን፣ በሌላ ሰው ስም የቆመውን ሥራ፣ የባንዲራውን ሰልፍ። ያቀረቡት ማስረጃ ከተማሪያቸው የቀሙት ነው አልኩ።

አልቀበልም ይላል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፣ ለዚያም ተዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን ቀስ ብሎ ተነሳ።

«እውነት ነው። ወስጃለሁ። ሰልፍ ላይም አዋርጃታለሁ። እቀበላለሁ» አለ።

ምክትሉ ተደናገጡ፣ እንዲህ ያለ ግለ ሂስ ሰምተው አያውቁም። ሊረዱትም የፈለጉ መሰለኝ፤ በሥራው ውስጥ የእርስዎ ድርሻ ፈጽሞ የለበትም ወይ ብለው ጠየቁት። እሱ ፊቱን ወደኔ አዞረ። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ልመናም አልነበረም። የሚጠብቅ ዓይን ነው፤ ተማሪ ሰሌዳ ላይ አቁሞ መልሱን እንደሚያውቀው እርግጠኛ የሆነ አስተማሪ እንዲህ ያያል።

«እሷ ታውቃለች፣ እሷ ትናገር» አለ።

ሁሉም ወደኔ ዞረ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ውሃዋን ያረሟት እሳቸው ናቸው፤ ይኸው ነው። ብናገራት ቀሚነቱ አይፋቅለትም፣ የኔም ክስ አይወድቅም፤ ምናልባት ቦታውን ያገኝ ነበር፣ ድምፁም ያርፍ ነበር። ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። በደንብ ነው ያሰብኩት፣ ሳላስብ ወጣኝ ልል አልችልም።

«ሁሉም የኔ ነው። ውሃዋም» አልኩ።

እሱ ራሱን ነቀነቀ። እቀበላለሁ ብሎ ተቀመጠ። እጅ ሲወጣ ለእሱ የወጣው የሁለት ሰው እጅ ብቻ ነበር፣ ሁለቱም የዱሮ ጓደኞቹ። ቦታው ለኔ ተወሰነ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በዚያች ሰዓት ቅር ያለኝ ነገር እንደነበር አስመስዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ ቅር አላለኝም። ሰልፉ ፊት የቆመችው ልጅ ተነስታ ስትሄድ ተሰማኝ።

የሥነ ዜጋ አስተማሪዋ ቃለ ጉባኤውን ጮክ ብላ አነበበች። በኤግዚቢሽን የቀረበው የሞለኪውል ሞዴል ሐሳቡም፣ አሠራሩም፣ ሳይንሳዊ ማብራሪያውም በሙሉ የመምህርቷ እንደሆነ፣ የቀድሞ መምህሯም ይህንኑ አምነው እንደተቀበሉ ይላል። ወረቀቱ መጀመሪያ ለእሱ ቀረበ። በዚያ ባማረ እጁ ፈረመ። አጠገቡ ነበርኩና ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ራሱ አቀበለኝ። ሲያቀብለኝ ጠጋ አለ። ድምፁ ከኔ ውጭ ለማንም ሊደርስ አይችልም ነበር።

«ባቄላዋን በየት በኩል ነው የወጋሻት?» አለኝ።

ነገር ፍለጋ አይደለም የጠየቀው። መልሱን ለመስማት ቆመ። ከጎኗ ሲወጓት እንደምትሰነጠቅ እሱም ያውቃል፤ ሳይሰነጥቅ ያጎበጣት ሰው ብቻ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። እኔ አላውቅም። አጎንብሼ ከእሱ ፊርማ ሥር ፈረምኩ።

ዛሬ የማዕከሉ ኃላፊ እኔ ነኝ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ በሚቀጥለው ክፍል ሲያስተምር ሹክሹክታውን እሰማለሁ፤ እሱ አንድ ቃል ሲል የፊት ወንበር ልጅ ትደግምለታለች። በሬን ቆልፌ ባቄላ እዘፈዝፋለሁ። ከወገቡ ሞከርኩ፣ ከጥቁሩ ዓይኑ ሞከርኩ፣ እሾሁን በእሳት አሙቄ ሞከርኩ። ሁሉም ይሰነጠቃል። ሄጄ ብጠይቀው ያሳየኛል፣ ይህንንም አውቃለሁ። አልጠየቅኩትም።